የሰሚዎች ሰሌዳ

«ሁለት መስመር ብቻ ቀረሽ፣ አንጓች። ነገ እናደርሳቸዋለን።»

ይህን ያለኝ መምህር ዘገዬ ነበር፤ ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ከሀ እስከ ፀ በጣቱ እየተከተለ አስነበበኝና የመጨረሻዎቹን ሁለት መስመሮች በመዳፉ ሸፈናቸው። ሸፍኖ ሳቀ። በማግስቱ ጠዋት ስሄድ የትምህርት ቤቱ በር ተቸንክሯል። መምህር ዘገዬ ጓዙን በአህያ ጭኖ የላይ አምባን ዳገት ሲወጣ ጀርባውን አየሁት። ውሃ ለሌለው ሸለቆ መምህር አይመደብም የሚል ትእዛዝ መጥቶ ኖሯል።

ስለዚህ ሁለት መስመር ጎድሎኝ አደግሁ። ሁለት መስመር ምን ያደርጋል ትሉ ይሆናል። እኔም እንደዚያው እል ነበር።

አገራችን ስድስት ሸለቆ ነበረች፤ የስድስቱም ውሃ የሚወርደው ከአንድ ምንጭ ነው። ምንጩ አፍ ላይ የድንጋይ በር አለ። ክረምቱ ሲያልፍ በሩ ወደ አንድ ሸለቆ ይዞርና ዓመቱን ሙሉ እንደዞረ ይቆያል። የቀሩት አምስቱ የሚጠጡት ያ ሸለቆ ጠጥቶ፣ አጠጥቶ፣ ከብቱን አጥቦ የተረፈውን ነው። ድሮ በሩን የሚያዞረው ጦር ነበር ይባላል። ብዙ ሰው ካለቀ በኋላ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ጦሩን በሩር ለወጡት። ሩር ማለት በቆዳ የተሰፋች፣ የልጅ ጭንቅላት የምታክል ኳስ ናት። በሩር የበለጠ ሸለቆ ውሃውን ይውሰድ ተባለ። ሕጉ ደግ ሕግ ነበር፤ ማንም ክፉ አይለውም።

ችግሩ ማን እንደበለጠ ማወቁ ላይ ነው። እያንዳንዱ ሸለቆ የሚጫወተው ድንበር ከሚጋሩት ከሦስቱ ጋር ብቻ ነው፤ አንዴ በሜዳው፣ አንዴ በሜዳቸው። ስለዚህ ከዳርና ከዳር ያሉ ሁለት ሸለቆዎች ስድስት ስድስቱን ጨዋታ አሸንፈው፣ ሳይተያዩ ዓመቱ ያልቅባቸዋል። ሌላ አገር ቢሆን «እንግዲያው ሁለቱ ይግጠሙ» ይባላል። በእኛ አገር ግን ሰሚዎች ነበሩ።

ሰሚዎች አሥራ ሁለት ናቸው። የሚቀመጡት በከተማው፣ መስኮት በሌለው ሰሚ ቤት ውስጥ ነው። ሰሚ ጨዋታ አያይም፤ ዓይን ያዳላል፣ ጆሮ አያዳላም ይላል ደንቡ። አንዱ ሰሚ በበቅሎ ሲያልፍ ልጆች ሩር ሲለጉ አይቷል ተብሎ፣ ዓመት ሙሉ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ እንዲሰማ ተፈርዶበታል። ጨዋታ ባለቀ ቁጥር ከየሸለቆው አንድ ሯጭ ይሄድና በሰሚ ቤቱ በር ቆሞ አንዲት ቃል ይናገራል። ሁለተኛ ቃል ከጨመረ ጆሮ እንደ መደለል ይቆጠራል። ስንት ለስንት እንደሆነ አይነገርም፤ ቁጥር ትዕቢት ያመጣል ብለዋል። ቃሉን ጸሐፊው ይጽፈዋል፤ ሰሚዎቹ የዓመቱን ቃል ሁሉ አስነብበው ማን አንደኛ፣ ማን ሁለተኛ እንደሆነ ይደረድራሉ፤ የተረፈው ውሃም በዚያው ተራ ይወርዳል።

ደግሞ ድርደራው የሚጀመረው ገና የዓመቱ ሩር ሳትሰፋ ነው። ማንም ሳይጫወት ላይ አምባ የሚባለው ሸለቆ አንደኛ ተብሎ ይለጠፋል። ለምን ሲባል፣ አምና አንደኛ ስለነበረ። አምናስ? ካቻምና ስለነበረ።

ጎረቤቴ እትዬ ማንጠግቦሽ ይህን ስትሰማ አንድ የምትላት ነገር ነበረቻት። «ባሌም እኔን ሳያየኝ፣ ወሬዬን ሰምቶ ነው ያገባኝ። እንዴት እንደወጣለት ጎረቤት ሁሉ ያውቃል።»

የእኛ ሸለቆ ታች ዳር ይባላል። ዕድሜዬን ሙሉ ከዝርዝሩ ግርጌ ወጥተን አናውቅም። ውሃ የምናወጣው አሸዋ ጭረን፣ በቅል እየቀዳን ነው። ልጄ ስንቄ ሁለት ዓመት ሊሆናት በተቃረበበት ዓመት ግን አንድ ነገር ሆነ። ባሌ ጥላዬ የቡድናችን አለቃ ነበር፤ ቀጭን፣ ብዙ የማይናገር፣ ሩሯ እግሩ ስር ስትገባ ግን ሌላ ሰው የሚሆን። የመጀመሪያውን አሸነፉ። ሁለተኛውን አሸነፉ። አምስት ሲሞላ ሴቶቹ እንስራቸውን ማጠብ ጀመሩ።

«በምን ውሃ ነው የምታጥቡት?» ብላ ሳቀች እትዬ ማንጠግቦሽ፤ እሷም ግን የራሷን በጨርቅ ስትወለውል አይቻታለሁ።

ስድስተኛው ጨዋታ ከሾላ ገደል ጋር ነበር። ሰባት አገባን፣ አንድም አልገባብንም። ሯጫችን ጋሽ ይመኑ ጨዋታው ሳያልቅ ጫማውን ማጥበቅ ጀመረ። ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆነው ሰው ነው፤ ግን ከእሱ ሌላ የአንድ ቀን ተኩሉን ዳገት ሳያርፍ የሚሮጥ አልነበረንም።

«ምን ትላቸዋለህ ጋሼ?» አለው ጥላዬ፣ ላቡ እየተንጠባጠበ።

«ሌላ ምን እላለሁ? ተረፈን ነዋ!»

እዚህ ላይ ላስረዳ። በእኛ ሸለቆ፣ አዝመራ ገብቶ «እህሉ እንዴት ነው?» ሲባል፣ የሞላለት ቤት «ተረፈን» ይላል። በልተን፣ ሰጥተን፣ ገና አለ ማለት ነው። ከዚያ የሚበልጥ የጥጋብ ቃል የለንም። ስለዚህ በሰፊው ስናሸንፍም «ተረፈን» እንላለን። ሌላ ሸለቆ «ደቆስናቸው»፣ «ፈጨናቸው» ይላል፤ እኛ እንደዚያ ማለት አልለመድንም። ጋሽ ይመኑም ሰሚ ቤቱ በር ላይ ቆሞ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ፣ «ተረፈን!» ብሎ ተመለሰ።

ያን ዓመት ላይ አምባም አልተሸነፈም። በሁለት ዳር ሁለት ያልተሸነፉ ሸለቆዎች ቆሙ ማለት ነው።

ፍርድ ከመውጣቱ በፊት ሰሌዳ ይመጣል። ሰሌዳው ላይ የየሸለቆው ቃል በጥቁር ቀለም ተጽፎ፣ በሸለቆው መግቢያ ዛፍ ላይ ሦስት ቀን ይሰቀላል። ስህተት ያየ ሰው ከዛፉ ስር ለሚቀመጠው ለዝምታ ሹም ያመለክታል። ሹሙ ዱካ በምንላት አጭር የእንጨት መቀመጫ ላይ ተቀምጦ፣ መዝገቡን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ዝምታ ይጽፋል። አጎንብሼ አይቼዋለሁ። «ጠዋት፦ ዝም። ረፋድ፦ ዝም። አንድ ሰው አስነጠሰ። ዝም።» ሦስት ቀን ዝም ከተባለ ሸለቆው ተስማምቷል ማለት ነው።

ሰሌዳው የተሰቀለ ዕለት ታች ዳር ያልወጣ ሰው አልነበረም። መምህር ከሄደብን ወዲህ ከፊደል ጋር የተዋወቅሁ እኔ ብቻ ነኝ። ስንቄን አቅፌ ከኋላ ቆሜ ሳለ ስሜን ጠሩ።

«አንጓች! ነይ አንብቢልን!»

ልጄን ለጥላዬ ሰጥቼ ወደፊት ሄድኩ። የላይ አምባን ቃል አነበብኩ፤ «ደቆስን» ይላል። ሰው አጉረመረመ። ከዚያ የእኛን። ተ። ረ። ሦስተኛዋ ላይ ቆምኩ። አላውቃትም። መምህር ዘገዬ በመዳፉ ከሸፈናቸው ውስጥ ነበረች። መጨረሻዋ ን ናት፤ እሷን አውቃታለሁ። መሃሏ ግን ለእኔ የጭረት ክምር ነበር።

ጋሽ ይመኑ በዱላው ተደግፎ፣ «ያልኩትን ጽፈውልኛል ወይ፣ ልጄ?» አለኝ።

አላውቃትም ማለት ነበረብኝ። አንዲት ቃል ናት። ግን ባሌ ልጄን ትከሻው ላይ አስቀምጦ ያየኛል፣ ሴቶቹ እንስራቸውን ይዘው መጥተዋል፣ ደግሞስ ተ፣ ረ እና ን ካሉ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

«ተረፈን ይላል» አልኩ።

እልልታው ሸለቆውን ሞላው። ጥላዬ ስንቄን ወደ ላይ ወረወራትና ቀለባት። የዝምታው ሹም ቀና ብሎ አየኝ። ማንበብ ያውቃል፤ ሥራው ነው። ነገር ግን ሹም አይናገርም፣ ይጽፋል። ብዕሩን ነከረና ጻፈ፦ «እልልታ። ተቃውሞ የለም።»

በሳምንቱ ፍርዱ መጣ። ላይ አምባ አንደኛ፤ ታች ዳር አራተኛ። ሾላ ገደል፣ ያ ሰባት ያገባንበት፣ ሦስተኛ።

ጥላዬና ጋሽ ይመኑ ያኑ ዕለት ወደ ከተማ ወጡ። እዚያ የሆነውን የነገረኝ ጋሽ ይመኑ ነው፤ ጥላዬ አልነገረኝም።

የሰሚዎቹ አለቃ ሊቀ ሰሚ ድልነሳ ይባላሉ። ጆሯቸው እንዳይደክም በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ይውላል፤ አቤቱታ ሲመጣ አንድ ሰው ጨርቁን ይገልጥላቸዋል።

«ጌታዬ» አለ ጥላዬ፣ «እኛ አልተሸነፍንም፤ እነሱም አልተሸነፉም። አንድ ጨዋታ ይፈቀድልን። ሜዳው የእነሱ ይሁን።»

«አንድ ጨዋታ ስትል?»

«እኛና እነሱ እንግጠም። ያሸነፈ ውሃውን ይውሰድ።»

«ማን ይሰማዋል ታዲያ?»

«አገሩ ሁሉ ያየዋል፣ ጌታዬ።»

«ማየት!» አሉ አሥራ ሁለቱ፣ ባንድ አፍ።

የድካም ሹም የሚባለው ተነሳ። «ልጆቹ ገበሬዎች ናቸው። ሰባተኛ ጨዋታ ቢጨመርባቸው ጉልበታቸው ያልቃል፤ አዝመራው ማሳ ላይ ይቀራል። እኛ ለእነሱ አስበን ነው።»

«ለድግስ ጨዋታ ግን የሦስት ቀን መንገድ ታስኬዱናላችሁ» አለ ጥላዬ። የድግስ ጨዋታ ማለት በዓመቱ መጨረሻ ባላባቶች ድግስ ጥለው ሁለት ሸለቆ ጠርተው የሚያጫውቱት ነው፤ ማንም ቢያሸንፍ ምንም አይለወጥም። እንግዶቹ ጠጅ ይጠጣሉ፣ ተጫዋች ላቡን ጠርጎ ይሄዳል።

የድግስ ሹሙ ከተቀመጠበት ዘለለ። «ይኸው! ወደዚያው ነው የሚያመራው! የመጨረሻ ጨዋታ የሚባል ነገር ከመጣ ድግሳችንን ማን ዞር ብሎ ያየዋል?»

ከሰሚዎቹ አንዱ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞሩት፣ ለስለስ ባለ ድምፅ ተናገሩ። ጋሽ ይመኑ ደጉ ሰውዬ ይላቸዋል። «ልጄ፣ ዛሬ ስድስቱም ጨዋታ እኩል ይከበራል። አንድ የመጨረሻ ጨዋታ ካበጀን የቀረው ሁሉ መለማመጃ ይሆናል። ደግሞ ሁሉም ነገር ከታወቀ፣ ሰው ክረምቱን በምን ይከራከራል?»

ጥላዬ ወደ እሳቸው ዞረ። ከዚያ፣ «ጌታዬ፣ ስድስቱን አሸንፈን ያተረፍነው ጥማት ከሆነ፣ የተከበረው የትኛው ጨዋታ ነው?» አለ።

ሊቀ ሰሚው መዝገብ አስመጡ።

«ክርክሩን እንተወው። የራሳችሁ ሯጭ የተናገረው ይኸው። ተረፍን። በስንት መከራ ተረፍን ማለት ነው። ለጥቂት ያመለጠ ሸለቆ ከደቆሰ ሸለቆ ጋር እንዴት ይገጥማል? ሾላ ገደል እንኳ ‹ታገልን› ነው ያለው፤ ከመትረፍ መታገል ይበልጣል።»

ጋሽ ይመኑ ጮኸ። «ተረፈን ነው ያልኩት! ተረፈን! ሰባት ለባዶ!»

«ቁጥር!» ብለው ጆሯቸውን ያዙ ሰሚዎቹ።

«እንደዚያ ከሆነ» አሉ ሊቀ ሰሚው፣ «ሰሌዳው ሦስት ቀን በደጃችሁ ተሰቅሎ ነበር። ለምን አላመለከታችሁም?» የዝምታውን መዝገብ አስነበቡ። «እልልታ። ተቃውሞ የለም።» ጨርቁም ተመልሶ ጆሯቸው ላይ ወረደ።

ሲወጡ ጸሐፊው በረንዳው ላይ ጥላዬን ጠብቆ፣ ሁለቱን ፊደሎች በጣቱ አሳየው። በከተማ እንደኛ «ተረፈን» የሚል የለም፤ ጸሐፊው የሰማውን የሚያውቀው ቃል አድርጎ ነበር የጻፈው። ክፉ ሰው አልነበረም ይላል ጋሽ ይመኑ። እያለቀሰ ነበር ያሳየው ይላል።

ጥላዬ የተመለሰው እኩለ ቀን ላይ ነው። ውሃ ሰጠሁት፤ ግማሹን ለስንቄ አስቀረላት። ከዚያ ደጃፉ ላይ ቁጢጥ ብሎ አፈሩን በመዳፉ ደለደለና በእንጨት ጻፈ። እሱ ፊደል አያውቅም፤ ያን ሁሉ መንገድ እንዳይረሳት በልቡ ይዟት መጥቶ ነበር።

«ይቺን ታውቂያታለሽ?» አለኝ።

«አላውቃትም።» ያን ጊዜ ነው ያልኩት። ዘግይቼ።

«ፈ ናት። ይቺ ደግሞ ፍ። ልዩነታቸው ይቺ ጭረት ብቻ ናት።» በእንጨቱ ጫፍ ነካት። «ሰሌዳው ላይ ያለችው ይቺኛዋ ናት።»

ለምን ዋሸሽ አላለኝም። እየጠበቅሁ አፈሩን አፍጥጬ ሳይ ስንቄ እየተንገዳገደች መጥታ በሁለቱም ላይ ተቀመጠችባቸው። እስከ ዛሬ ያንን ጥያቄ አልጠየቀኝም፤ ቢጠይቀኝ ይሻለኝ ነበር።

ለጋሽ ይመኑ ግን ራሴ ሄጄ ነገርኩት። «ጋሼ፣ ያቺን ፊደል አላውቃትም ነበር። ሳላውቃት ነው ያነበብኩት።»

ሽማግሌው እግሩን በቅቤ እያሸ ነበር። ቅቤውን አስቀመጠና፣ «እኔስ?» አለኝ። «‹ተረፈን፣ ሰባት ለባዶ› ብል ምን ያደርጉኝ ነበር? ጆሮ ደለልክ ብለው ያባርሩኝ ነበር፤ ቢያባርሩኝስ? ሁለተኛ ቃል ፈራሁ። አንቺ ፊደሏን ፈራሽ፣ እኔ ቃሏን ፈራሁ። ተይው በቃ።»

እኔ ግን አልተውኩትም። የሚተው ነገር አይደለም።

ጥላዬ ላይ አምባዎች ዘንድ ሰው ላከ። ሰሚዎቹ ካልፈቀዱ እኛው እንፍቀድ፤ በመካከለኛው ሜዳ፣ በሩ ከመዞሩ በፊት ባለው እሑድ እንገናኝ አላቸው። የእነሱ አለቃ ደምበል የሚሉት ግዙፍ ልጅ ነበር፤ እሺ ብሎ መለሰ። እሱም ማወቅ ይፈልግ ነበር መሰለኝ። አንደኛ የተባለ ሰው እውነት አንደኛ መሆኑን ማወቅ ሳይፈልግ ይቀራል?

እሑድ የእኛዎቹ በጠዋት ሜዳው ላይ ተገኙ። እኔም ስንቄን አዝዬ ሄድኩ። ፀሐይ ወጣች፣ አናት ላይ ደረሰች፣ አዘቀዘቀች። ማንም አልመጣም። ኋላ እንደሰማነው፣ በዝርዝሩ ላይ የሌለ ጨዋታ የተጫወተ ቤተሰቡ ውሃ ይከለከላል ተብሎ ታውጆባቸዋል። አመሻሽ ላይ ደምበል ብቻውን ጉብታው ላይ ብቅ አለ። ወደ ሜዳው አልወረደም። እጁን ከፍ አድርጎ ቆየ፤ ጥላዬም እጁን ከፍ አደረገ። ከዚያ ደምበል ዞሮ ሄደ። ሩሯ መሃል ሜዳ ላይ ማንም ሳይነካት ውላ ነበር።

በሩ ወደ ላይ አምባ ዞረ። ያን ዓመት የተረፈ ውሃ እኛ ጋ አልደረሰም፤ ሾላ ገደል ላይ አለቀ። አሸዋችን ውስጥ ቅል ሰድደን ክንድ ሙሉ ብንጭርም እርጥበት ብቻ ሆነ። መጀመሪያ ከብቶቹ አለቁ፤ ቀጥሎ ሰው በየአቅጣጫው መሄድ ጀመረ። ጋሽ ይመኑ ልጁ ወዳለችበት ሄደ፤ በእግሩ፣ ቀስ ብሎ። ሲሮጥ እንጂ ሲራመድ አይቼው ስለማላውቅ ከኋላው ሳየው ሌላ ሰው መሰለኝ።

አንድ ቀን ከላይ አምባ ሁለት ሰዎች መጡ። ጥላዬ ለእነሱ እንዲጫወት ነበር የፈለጉት። እሱ ከተጫወተ ሚስቱና ልጁ ከመጀመሪያው ውሃ ይጠጣሉ አሉት። ትቷቸው ወጥቶ እትዬ ማንጠግቦሽ ደጃፍ ላይ ተቀመጠ።

«ምን ያስቀምጥሃል?» አለችው።

«ለእነሱ ልጫወት፣ እትዬ?»

«ሂድ። ልጅቷ ትጠጣ። እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ እሰድብሃለሁ፤ አንተ ግን ሂድ።»

እሱ ቀድሞ ሄደ። በሚቀጥለው ዓመት ጨዋታ ላይ አምባ ሲያሸንፍ ያገባው ጥላዬ ነው ይላሉ። ሲያገባ ግን አይጨፍርም ይላሉ።

እኔ ጓዜን ሰብስቤ፣ ከሳምንት በኋላ ስንቄን ይዤ ተከተልኩት። በመግቢያው ዛፍ ስር ስናልፍ የዝምታው ሹም ዱካ እንዳለ ነበር፤ መዝገቡን ይዞ ሲሄድ ዱካውን ትቶታል። ሰሌዳውም ማንም ሳያወርደው በአንድ ገመድ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ዝናብ ስላልነካው ቀለሙ አልደበዘዘም። ተረፍን ይላል፤ አሁን ማንበብ እችላለሁ።

ስንቄን መሬት አስቀመጥኳት። ዱካው ላይ ቆምኩና ከጓዜ ቢላዋ አወጣሁ።

«እማ፣ ምን ይላል?» አለችኝ ከታች፣ ጣቷን ወደ ሰሌዳው ቀስራ።

መጀመሪያ ጭረቷን ፋቅኳት። ከዚያ አነበብኩላት።